የጭቃ ክተት

ጦርነት ያየ ሰው ጦርነት ይጫወታል ወይ? ይህን ጥያቄ ያላቀረበልን የለም። የክፍል ጓደኞቻችን ጠይቀውናል፤ የማደሪያችን ዘበኛ አባባ ጠይቀውናል፤ ለእረፍት አገር ቤት ስንገባም ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ጠይቆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ሰባት ነን። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴ፣ ከጨፋ ሮቢትና ከአጣዬ መጥተን በአንድ ማደሪያ የተገናኘን፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስናዋህድ ምላሳችን የማይደናቀፍ ተማሪዎች ነን። በሳምንት ሁለት ምሽት ወለሉ ላይ ቀይ ጨርቅ እናነጥፍና ከጭቃ የተሠራ ዘንዶ፣ ዝሆን፣ ጅብና ጉንዳን አሰልፈን እናዋጋለን። በቃ ይኸው ነው። አንዳንዱ ይስቅብናል። አንዳንዱ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ «እኔም መጀመር ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልነሳ?» ይላል። ለሳቀውም ለጠየቀውም በዚህች ጽሑፍ አንድ ላይ መልስ እንስጥ ብለን ተነሣን።

የትንንሽ ሠራዊት ጨዋታ በባሕር ማዶ ሥር የሰደደ ነገር ነው። የፕሩሲያ መኮንኖች ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርታ ዘርግተው በትንንሽ ቁራጮች ውጊያን ይለማመዱ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚደረግ ውጊያን ሕግ ጽፎ በመጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይም እውነተኛው ጦርነት ከዚህ ጨዋታ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ውድና ድንብርብሩ የወጣ ነገር እንደሆነ አመለከተ። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ኋላ በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ቼይንሜይል» የተባለ የውጊያ ሕግ ሲታተም ዘንዶና አስማተኛ የሚሰለፉበት ክፍል ተጨመረበት፤ በ1983 ደግሞ እንግሊዝ አገር «ዋርሀመር» ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚቆሙ ምስሎችን እየገዙና እየቀቡ የተረት ሠራዊት መገንባት የስንቱ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗል።

እኛም ይህን በስልክ አየንና ቀናን። የአንዷን ሳጥን ዋጋ ወደ ብር ስንመነዝረው ግን ሳቃችን መጣ። ታዲያ አንዳችን፣ የታሪክ ተማሪው፣ «ለመሆኑ የኛ ሰው ድሮ ምን ይጫወት ነበር?» አለ። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መንገዱን ያሳየን እሱ ነው።

የኛ ሰው ሰንጠረዥ ይጫወት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ በ1805 እ.ኤ.አ. የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹት ቁራጮች ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። የባላጋራን ቁራጭ የሚወስድ ሰው በኃይል መትቶ ነበር የሚያነሣው። ጫጫታው ሌላ ነው፤ በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ ቁራጩን እያነሣ «እዚህ ነው እንጂ!» እያለ ይመክር ነበር። ሶልት አንድ ነገር ደግሞ ታዝቧል፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ናቸው። ይህማ ምን ያስደንቃል!

መጫወቻው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ስምንት በስምንት ይከፈላል። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር፣ ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፊል ዝሆን ነው፤ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል። መደቅ እግረኛ ነው፤ አንድ አንድ እያለ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠር ነበር። በእግረኛ የያዘ ግን ይመሰገናል። ጨዋታው ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ወዲህ ከሞላ ጎደል ተረስቶ ሳለ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ በ1971 እ.ኤ.አ. ባያሳትመው ኖሮ እኛም ባልደረስንበት።

ልባችንን የሰረቀው ግን አጀማመሩ ነው። በዛሬው ቼዝ አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በሰንጠረዥ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም እኩል እጃቸውን ይሰዳሉ፤ አንዱ ሦስት ቢያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ያንቀሳቅሳል። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የሚያበቃውም ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲወስድ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ተራ በተራ፣ እያንዳንዷ እርምጃ እየተቆጠረች፣ እስከ ንጉሥ መያዝ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አባቶቻችን ክተቱን የጨዋታው አካል አድርገውታል። ጦርነቱ የሚጀምረው ሠራዊቱ ሲሰለፍ አይደለም፤ አንዱ እጅ ሲሰነዝር ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ የሁለቱም ነው። ሊያሳጥሩትም ሊያስረዝሙትም ይችላሉ።

ሕጉን አገኘን። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «የማን ሠራዊት?» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው።

«ዐድዋን እንጫወት» አለ አንዱ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ግን ጣሊያን የሚሆን ሰው ጠፋ! ሰባታችንም ከምኒልክ ወገን ሆነን ከማን ጋር እንዋጋ? «እሺ ሰገሌን» አለ ሌላው። የወሎ ልጅ ሆኖ ስለ ሰገሌ ያልሰማ የለም፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤል ጦር ከሸዋ ጦር ጋር የተዋደቀበት ነው። ይኸኛው ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። ወገን የሚመርጥ ሞላ፤ ገና ቁራጭ ሳይሠራ ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። መቶ ዓመት ያለፈው ጦርነት እንዲህ ካደረገን የቅርቡስ? የቅርቡን ማንም አላነሣውም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በዙሪያው፣ በኛም ዞን ቀበሌዎች የሆነውን እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር የሰሜኑ ጦርነት በኮምቦልቻ በከሚሴ አድርጎ የአዲስ አበባን አውራ ጎዳና ይዞ ሲወርድና ሲመለስ አይተናል። ከሰባታችን መካከል ቤቱ የተቃጠለበት አለ፤ ወንድሙን የቀበረ አለ። ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ሰባታችንን ብትጠይቁ ሰባት ዓይነት ታሪክ ትሰማላችሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የትኛውንም የደንብ ልብስ የለበሰ ምስል ብታቆሙ፣ ቢያንስ አንዱ ከጨርቁ ላይ ዓይኑን ያነሣል።

መፍትሔውን የሰጠችን መጽሐፍ አይደለችም፤ የአንዳችን እናት ናቸው። ለእረፍት ከሚሴ ገብተን ከቦርከና ዳር ጭቃ አምጥተን ከቤታቸው ጓሮ ስንጠፈጥፍ መጡና ቆም ብለው አዩን።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ጦር ነው እማ፤ ለጨዋታ» አላቸው ልጃቸው።

«ኧረ በአላህ ልጆቼ! ጦር ከዚህ ቤት ገና መች ወጣና ነው እናንተ ደግሞ በጭቃ የምትሠሩት?»

ዝም አልን። ምን ይባላል? እሳቸው ግን አልሄዱም። ቁጢጥ አሉና ከተደረደሩት አንዱን አንሥተው አገላብጠው አዩት። የጀርባው ጉብታ ወጣ ብሎ የኋላው ዝቅ ያለ ነበር።

«ይኼስ ጅብ ነው» አሉ። «ጅብ ይሁን፣ ግድ የለም። አውሬውን ሥሩ። ሰው ብቻ እንዳትሠሩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ይህ ነው። በሠራዊታችን ውስጥ ሰው የለም። ባሕር ማዶ ያሉት ዘንዶና ጭራቅ የሚያሰልፉት ምናባቸውን ለማስፋት ይሆናል። ለኛ ግን ተረት የሆነው ሠራዊት አብረን ልንቀመጥበት የቻልነው ብቸኛ ሠራዊት ነው። ዘንዶ ሲወድቅ «የማን ልጅ ነበር?» የሚል የለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ከብት የጠበቀ ሰው የጭቃ በሬ መሥራት አይጠፋውም፤ ከማሽላ አገዳም ሞፈርና ቀንበር ሠርቶ ጠምዷል። ያችኑ ዕውቀት ነው የምንፈልገው። ጥቁሩ የጨፋ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተሰበረ ገል ወቅጣችሁ፣ በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ቀላቅሉበት። ከዚያ በደንብ እሹት፤ አየር ከቀረበት አይሆንም። ምስሉ ከአውራ ጣት ባይበልጥ ይመረጣል። እግሩን ቀጭን አታድርጉት፤ አራት እግር ያለው ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰበራል፤ ተኝቶ ወይም አድፍጦ ይሁን። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጥላ ሥር አራት አምስት ቀን ይቆይ። ማቆሚያው የለስላሳ ቆርኪ ነው። ስፋቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባሕር ማዶ ከሚሸጠው ማቆሚያ ብዙም አይለይም፤ ዋጋው ግን ጎንበስ ብሎ ማንሣት ብቻ ነው። ለጥቁር ከሰል፣ ለነጭ ጠመኔ፣ ለቀይ የእኅቶቻችን የጥፍር ቀለም ይበቃል። ግን አስፈቅዱ!

ሠራዊቱን በሰንጠረዡ ልክ ነው ያዋቀርነው። ንጉሡ ዘንዶ ነው። ፈርዙ ጭራቅ ነው። ፊል ያው ዝሆን ነው፤ ስሙም ይኸው ስለሆነ አልነካነውም። በፈረስ ፈንታ ጅብ፣ በደር ፈንታ የሚሄድ ቋጥኝ፣ በመደቅ ፈንታ ጉንዳን አቆምን። ጉንዳን ሲሰለፍ አይታችሁት ከሆነ ለምን እንደመረጥነው አናስረዳችሁም።

ሰንጠረዡን በደንብ ከለመዳችሁ በኋላ ቤቶቹን ትታችሁ በሜዳ መጫወት ትችላላችሁ። መጽሐፍ ተራራ፣ ሰማያዊ ሻሽ ወንዝ ይሆናል። ርቀቱን መጀመሪያ በስንዝር ለካን፤ ወዲያው «በማን ስንዝር?» የሚል ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ጣቱ ረጅም ነው፤ ጅቡ ከሁሉ ጅብ ይፈጥናል! አሁን አንድ የማሽላ አገዳ ቆርጠን ምልክት አድርገንበታል። መለኪያው እሱ ብቻ ነው።

የሠራዊት ግንባታው የሚቆጠረው ደግሞ በማሽላ ፍሬ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች መቶ ፍሬ ይሰጠዋል። ዘንዶ 20 ፍሬ ያስወጣል፤ ጭራቅ 12፣ ዝሆን 10፣ ቋጥኝ 8፣ ጅብ 6፣ ጉንዳን 1። ሙሉውን ሠራዊት ያወጣ ሰው 88 ፍሬ ይጨርስና 12 ይተርፈዋል። የተረፈው ስንቅ ነው። ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በየተራው አንድ ፍሬ ይበላል፤ ስንቁ ያለቀበት ተሸነፈ። ስለዚህ ብልህ ሰው አንዱን ዝሆን ቤት ትቶ 22 ፍሬ ይዞ ይወጣል። የድሮው ሠራዊት ስንቁ ሲያልቅበት ከገበሬው ጎተራ ነበር የሚበላው። በኛ ጨርቅ ላይ ገበሬ ስለሌለ የሚዘረፍም የለም። በወረራው ጊዜ ግን ስንቅ አይነካም። በቤቱ ያለ ሰው ከማሳው ነውና የሚበላው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመን ጠረጠርን። አንዱ ወገን የደጋ አውሬ፣ ሌላው የቆላ አውሬ ቢሆን ያምራል ተብሎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ግን እኛ የምንኖረው ደጋና ቆላ በሚገናኙበት አገር ነው። ጭላዳው ማን እንደሆነ፣ ከርከሮው ማን እንደሆነ ሳይውል ሳያድር ስም ይወጣለት ነበር። ዘንዶም ቢሆን ስም ከወጣለት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ሠራዊት አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነው። ሁለቱንም ሰባታችን አብረን እንሠራለን። ማን የቱን እንደሚያዝ የሚታወቀው በዚያው ምሽት ሳንቲም ተወርውሮ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ሲባል ነው። የምትጠፈጥፈው ዝሆን ነገ ከጎንህ ይቁም ወይም በላይህ ይምጣ አታውቅም። እጅህ ታዲያ ለሁለቱም እኩል ይሠራል።

ከሁሉ ያስቸገረን ተመልካች ነው። ሶልት ያየው ጫጫታ ዛሬም አልቀረም። ሁለት ተጫዋቾች በወረራው ላይ ረጋ ብለው ሲያሰልፉ፣ ሲያፈርሱ፣ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አልጋ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይቁነጠነጣል። «ግጠሙ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ? በለው!» ይላል። በለው ባዩ የሚያወጣው ስንቅ የለም፤ የሚሰበርበት ጉንዳን የለም። ይህች ነገር እኛ ዘንድ ጨዋታ ብቻ አይደለችም። በዚያን ሰሞን በየስልካችን «በለው» የሚሉን ሰዎች ብዙዎቹ ከከሚሴ ስንት ተራራና ስንት ባሕር ርቀው የተቀመጡ ነበሩ። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ «በለው» ያለ ሰው ወዲያው ተነሥቶ በተጫዋቹ ቦታ ይቀመጣል፤ ሠራዊቱንም ስንቁንም ተረክቦ ራሱ ይዋጋል። ይህ ሕግ ከወጣ ወዲህ ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

ወረራው ማለቂያ ካጣስ? ለሱም መላ አለው። ቡና እናፈላለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ማንም ቁራጭ ካልወሰደ እርቅ ነው፤ ሁለቱም እንዳሸነፉ ይቆጠራል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ደርሶብናል። ሁለቱንም ጊዜ ተመልካቹ አጉረመረመ፤ ተጫዋቾቹ ግን ላብ በላብ ሆነው ነበር የተነሡት። ሳይዋጉ መቆየት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

የመጨረሻው ሕግ ይህ ነው። ጭቃ ይሰበራል። ቁራጭ ሲወሰድ መትቶ ማንሣት የድሮ ወግ ስለሆነ አልከለከልነውም። ግን የሰበረ ይጠግናል፤ የሚጠግነውም አሸናፊው ነው። ያሸነፈ ሰው በማግስቱ ገል ወቅጦ፣ ጭቃ አሽቶ፣ የባላጋራውን ጅብና ጉንዳን አንድ በአንድ መልሶ ይሠራል፤ አድርቆም ቀብቶ ያስረክባል። መጀመሪያ ሰሞን በየምሽቱ ስምንት ዘጠኝ ይሰበር ነበር። አሁን ከሁለት አይበልጥም። ያሸነፈ ሁሉ እጁ መለስለስ ጀመረ።

እርግጥ ነው፣ «ይህ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ፈተና ደርሷል፣ አጥኑ» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እናጥናለን። ጨዋታው የተቃጠለ ቤት እንደማይሠራ፣ የሞተ እንደማይመልስ እናውቃለን። ሰባት ዓይነት ታሪካችንም አንድ አልሆነም፤ ይሆናልም ብለን አልጠበቅንም። ግን በሳምንት ሁለት ምሽት ሰባት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው በአንድ ጨርቅ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ የአጣዬው ልጅ የሰንበቴውን ልጅ ዝሆን ኩምቢ ሲጠግን፣ እግረ መንገዱን ስለዚያ ዓመት ሚያዝያ ማውራት ጀመረ። የሰንበቴውም ልጅ ሳያቋርጠው ሰማው። ከዚያ እሱም በተራው አወራ። ዓይን ለዓይን ተያይተው ቢቀመጡ ይህን ይነጋገሩ ነበር ብለን አናምንም። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

እንግዲህ መጀመር የፈለጋችሁ ሁሉ ብዙ አትዘጋጁ። አንድ እፍኝ ጭቃ፣ ሠላሳ ሁለት ቆርኪ፣ አንድ ቀይ ጨርቅና መቶ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ የማሽላ ፍሬ ይበቃል። ፍሬው እንዳይጎድል ግን ጠብቁት፤ እኛ ጋ አንዱ ጥናት ሲያመሽ ቆልቶ በልቶት ያውቃል።